መንገድ ጠራጊው ንጉሠ ነገሥት፦ ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስና የደብረ ታቦር–መቅደላ ጎዳና

ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ የሚዘልቅ መንገደኛ በጥቂት ቀናት ጉዞ ውስጥ ጠባዩ እጅግ የተለያየ መሬት ይረግጣል። ፎገራ ክረምት ሲገባ እግርንም ጎማንም የሚውጥ ጥቁር ዋልካ ነው። ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ደብረ ታቦር ትገኛለች፤ በስተደቡብ ምሥራቋ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና እየላከ ምድሩን ያረሰርሳል። ጋይንት ታልፎ ጨጨሆ ሲደረስ ጥቁሩ የባዝልት ድንጋይ ይቀበላል። ከዚያም ወዲያ ሜዳው ድንገት እየተቆረጠ፣ የጅዳና የበሽሎ ወንዞች ቆፍረው ባበጁት፣ ጥልቀቱ አንድ ሺሕ ሜትር ያህል በሆነ ሸለቆ ይከፈላል።

ዛሬ በዚህ አገር በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የያዘ ሾፌር መሬቱ በተለወጠ ቁጥር አነዳዱን ይለውጣል። በአስፋልት ላይ የሞተሩን ኃይል ለሁለት ጎማ ብቻ ይሰጣል፤ በጠጠርና በጭቃ ላይ ለአራቱም ያካፍላል፤ በአቀበትና በቋጥኝ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ወደሚያበዛው ከባድ ማርሽ ይገባል፤ አንዱ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር ዲፈረንሻሉን ይቆልፋል፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ፍሬኑን ከሚያቃጥል ይልቅ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ይህን ሁሉ በአንዲት መምረጫ ስለሚፈጽሙት፣ ሾፌሩ ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ድንጋይ ብሎ መለየቱ ብቻ ይበቃዋል። የዚህ ሁሉ ብልሃት መሠረት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ጎማ ወደፊት የሚሄደው በጉልበት ብቻ ሳይሆን መሬቱን በመያዝ መሆኑ ነው።

ሞተር በሌለበት፣ መንኮራኩርም በአገሩ እምብዛም በማይታወቅበት ዘመን፣ ይህንኑ ጥያቄ በዚሁ ምድር ላይ የተጋፈጡ አንድ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ በጀግንነታቸው፣ አገርን አንድ ለማድረግ ባደረጉት ትግልና በመቅደላው ፍጻሜያቸው ይታወቃሉ። በመንገድ ሠሪነታቸው ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሕይወታቸው ከማንኛውም ነገር ይበልጥ የመንገድ ሥራ ታሪክ ነው።

የቋራው ካሣ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአካባቢው መኳንንት ወገን ሲሆን፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከባሏ ሞት በኋላ በጎንደር በችግር እንደኖረች ይነገራል። ጠላቶቹ በኋላ ዘመን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያንቋሽሹት የነበረውም ከዚሁ በመነሣት ነው። በልጅነቱ ይማርበት የነበረው ገዳም በጦርነት ምክንያት ሲቃጠል ከሞት ተረፈ። ከዚያም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድጎ የጦር ሙያ ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛታቸው በሌሎች እጅ ስለገባ፣ ካሣ ወደ ቆላው ወርዶ ሸፈተ።

በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሥልጣን መናገሻ ደብረ ታቦር ነበረች። ከተማይቱን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ሲሆኑ፣ በካሣ ወጣትነት ዘመን በዚያ ተቀምጠው የሚገዙት የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ነበሩ። ካሣ እያደር ኃይሉ ሲበረታ ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንም ዳሩለት። ጋብቻው ፍቅርን እንጂ ታዛዥነትን አላመጣም። ካሣ ከሚስቱ ጋር በፍቅር ቢኖርም ከአማቱ ጋር መጋጨቱ አልቀረም።

ለመንገድ ሥራው ታሪክ መነሻ የሚሆነው ግን በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በደባርቂ የደረሰበት ሽንፈት ነው። የካሣ ፈረሰኞች እንደለመዱት በድፍረት ወደፊት ሲጋልቡ፣ ምሽግ ይዞ የጠበቃቸው የግብጽ ጦር በመድፍና በተሰለፈ ጠመንጃ መታቸው። ጀግንነት ሳይጎድል ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ መድፍ ከካሣ አሳብ ወጥቶ አያውቅም። ወታደሩን በሥርዓት ማሰልጠንና መድፍ ማግኘት የዕድሜ ልክ ጉዳዩ ሆነ።

ከሽንፈቱ በኋላ ያለው ጊዜ የድል ጊዜ ነበር። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፈ በኋላ፣ በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። ዙሪያው ገደል የሆነው ይህ አምባ ከዚያ በኋላ ግምጃ ቤትም፣ ወህኒም፣ በመጨረሻም መቃብር ሆናቸው።

ጋፋት

ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ፣ ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ጋፋትን የእጅ ጥበብ መንደር አደረጓት። በዚያ የሰፈሩት ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር ወንጌል ለማስተማር የመጡ፣ የእጅ ሙያም የነበራቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ይሠሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከእነዚህ ሰዎች የፈለጉት ስብከት አልነበረም፤ መድፍ ነበር።

ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ የእቶኑ ጡብ እሳቱን ሊችል አልቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሠራተኞቹን ከማባረር ይልቅ እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ። በዚህ አኳኋን ከተደጋገመ ሙከራ በኋላ መድፍ ይወጣ ጀመር፤ አብረዋቸው የሚሠሩት ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ይማሩ ነበር። ከጋፋት ሠራተኞች እጅ ከወጡት መድፎች ሁሉ የታወቀው፣ በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ በሆነችው ምሽግ ስም ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ነው።

መድፉ ከተሠራ በኋላ ግን ከመሥራቱ የከበደ ጥያቄ መጣ። በኢትዮጵያ ደጋ ጭነት የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ነበር። ጭነት ሁሉ በእነዚህ ልክ ይከፋፈላል። ሰባት ቶን ብረት ግን አይከፋፈልም፤ በጀርባም አይጫንም። ስለሆነም ሠረገላ አስፈለገ፤ ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል።

መንኮራኩርና መሬት

የዓፄ ቴዎድሮስ የመንገድ አሳብ በመድፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኙ ጎዳናዎችን አስጀምረዋል። ከንግሥናቸው መጀመሪያ አንሥቶ ሥልጣንን በአንድ ማእከል ለመሰብሰብ ለሚሻ ገዢ፣ ጦሩን ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው በፍጥነት የሚያደርስ መንገድ ከዘውድ የማይተናነስ መሣሪያ ነበር። በሥራውም ላይ ከሌላው ገዢ የተለዩ ነበሩ። ራሳቸው ማልደው ተነሥተው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይቆፍሩ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። በእጅ መሥራት እንደ ውርደት በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ንጉሡ ድንጋይ ሲሸከም መኳንንቱ ቆሞ ማየት ስለማይችል፣ ሁሉም ተከትሎ ይሸከም ነበር።

የገጠማቸውን ችግር መጠን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ሰባት ቶን የሚመዝን ጭነት በጠንካራና በተስተካከለ ሜዳ ላይ በመንኮራኩር ለመጎተት የክብደቱ ሦስት ከመቶ ያህል ኃይል ቢበቃው፣ የሚያስፈልገው 210 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ስበት ነው። መሬቱ ለስላሳ ሆኖ መንኮራኩሩ ሲሰጥም ይህ ቁጥር ወደ አሥራ አምስት ከመቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ቶን በላይ ይሆናል። በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወጣ አቀበት ሲጨመርበት ሌላ 1,400 ኪሎ ግራም ይመጣል። ጠቅላላው ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ሊስብ የሚችለው 15 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆን፣ የሠረገላው ክብደት ሳይታሰብና ሁሉም እኩል ይስባል ተብሎ ቢገመት እንኳ ከ160 በላይ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በተግባር ግን ብዙ ሰው በረጅም ገመድ ላይ ተሰልፎ ሲስብ ጉልበቱ አንድ ላይ አይውልም፤ ከፊት ያለው ሲጎትት ከኋላ ያለው ይረግባል። ሴባስቶፖልን ለመሳብ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የተሰለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰውን በእጥፍ ከመጨመር ይልቅ መሬቱን ማጠንከርና አቀበቱን ማለዘብ ይበልጥ ያዋጣል። የዛሬው መኪና ማርሽና ዲፈረንሻል ለውጦ ራሱን ከመሬቱ ጋር ያስማማል። ዓፄ ቴዎድሮስ የሚለውጡት ማርሽ ስላልነበራቸው መሬቱን ራሱን ለወጡት። በለስላሳው ቦታ ድንጋይ አስነጠፉ፤ በቋጥኙ ላይ በባሩድ አስፈነዱ፤ በገደሉ ላይ መንገዱን እያጠማዘዙ አወረዱት። ከባዱን ማርሽ የተካላቸው የተጨማሪ ሰው ጉልበት ነበር።

የስድስት ወር ጉዞ

ወደዚህ ጉዞ ያደረሳቸው ነገር አሳዛኝ ነው። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አላገኘም። በዚህ ተቆጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንሱሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት በ1858 ዓ.ም. የመጣው መልእክተኛ ራሳምም ከጓደኞቹ ጋር ታሰረ። ዓፄ ቴዎድሮስ በድርድሩ መካከል ከእንግሊዝ መንግሥት የጠየቁት የእጅ ባለሙያዎችንና የሥራ መሣሪያዎችን ነበር። ባለሙያዎቹ እስከ ምጽዋ ቢደርሱም ወደ ደጋው ሳይዘልቁ ተመለሱ።

በአገር ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በሸዋ ነገሡ፤ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ፣ ደጃዝማች ካሣ በትግራይ በራሳቸው ቆሙ። ለመላው ኢትዮጵያ የነገሡት ንጉሠ ነገሥት በመጨረሻ የሚያዙት በጌምድርንና ጥቂት አካባቢዎችን ብቻ ነበር። ጦሩ የሚበላው ሲያጣ የገበሬውን እህልና ከብት ይወስድ ጀመር። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር ከተማና አብያተ ክርስቲያኖቿ ተዘረፉ፤ ተቃጠሉም። ከዚህም የተነሣ የገዛ አገራቸው በጌምድር ራሱ ሸፈተባቸው። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት ሌሊት ሌሊት እየከዳ ቀለጠ።

በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ወቅቱ ለመንገድ የተመቸ ነበር፤ ዝናቡ አልፎ መሬቱ መጠንከር ጀምሯል። በክረምት ቢነሡ ኖሮ ሴባስቶፖል ገና ከከተማው ሳይርቅ በጭቃ ተውጦ ይቀር ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለመጓዝ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በአማካይ ሲታይ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም ማለት ነው።

የጉዞው አደረጃጀት በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። ሠፈሩ ይነሣል፤ መንገድ ጠራጊው ቀድሞ ይሄዳል፤ ድንጋይ ይነሣል፣ ቋጥኝ ይሰበራል፣ ጉድጓድ ይሞላል፤ ከዚያ መድፎቹ በየተራ ይሳባሉ። ወታደሩ በአንድ በኩል ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል ተዋጊ ነበር፤ ሴቱና ሕፃኑም አብሮ ይጓዛል። በዙሪያው ያሉት ሸፋቾች ከሠፈሩ የራቀውን ይመቱ ነበር። ስንቅ ፍለጋ የወጣ ሰው በሰላም ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሁሉ መካከል መሐንዲስም፣ የሥራ መሪም፣ የቀን ሠራተኛም ነበሩ።

ጨጨሆንና ዘቢጥን አልፈው ቤተ ሆር ሲደርሱ ከሁሉ የከፋው ፊታቸው ቆመ። በጥር ወር የጅዳን ሸለቆ መውረድ ጀመሩ። ለሠረገላ ቁልቁለት ከአቀበት ይበልጥ ያሰጋል። በአቀበት ላይ ሰው ቢደክም መንኮራኩሩን በድንጋይ አስደግፎ ያርፋል፤ በቁልቁለት ላይ ግን ሰባት ቶን ብረት አንድ ጊዜ ካመለጠ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ወሳኙ ከፊት የሚስበው ሳይሆን ከኋላ ገመድ ጨብጦ የሚይዘው ሰው ነው። የዛሬው ሾፌር በእንዲህ ያለው ቦታ ሞተሩን እንደ ፍሬን ሲጠቀም፣ ያን ጊዜ ፍሬኑ የሰው ክንድና የመንገዱ መጠማዘዝ ነበር። ወንዙ ውስጥ ሲወርዱ ደግሞ መሬቱ እንደገና ይለወጣል፤ ልቅ ድንጋይና አሸዋ ይሆናል፤ መንኮራኩር ይሰጥማል ወይም ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲያ የደላንታ አቀበት ይጀምራል። በየካቲት ወር የደላንታ ሜዳ ላይ ወጡ። ከሜዳው ማዶ ሁለተኛው ሸለቆ፣ በሽሎ፣ ይጠብቃቸው ነበር። ይህንም ወርደውና ወጥተው በመጋቢት ወር መድፎቹን ከመቅደላ ሥር አደረሱ። ሴባስቶፖል ሳይሰበር፣ ሳይገለበጥ ደረሰ።

ሁለት መንገድ ሠሪዎች

በዚያው ጊዜ ከሰሜን ሌላ ጦር ይመጣ ነበር። የእንግሊዝን ጦር የሚመሩት ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር በሙያቸው የጦር መሐንዲስ ነበሩ፤ በሕንድ አገር በፑንጃብ መንገድና የመስኖ ቦይ ያሠሩ ሰው ናቸው። 13,000 ያህል ወታደር፣ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር የጭነት እንስሳና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሯቸው። በዙላ የባሕር ወደብ አበጁ፤ ከወደቡም አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ።

ናፒየር ለዚሁ ምድር የሰጡት መልስ የተለየ ነበር። ሠረገላ የሚችለው መንገድ እስካለ ድረስ በሠረገላ ተጠቀሙ፤ ደጋው ሲከፋ መንኮራኩርን ተዉ። ትንንሾቹ መድፎች ተፈታትተው በበቅሎ ተጫኑ፤ ከባዶቹን ዝሆኖች ተሸከሟቸው። መሬቱን ከመለወጥ ይልቅ ጭነቱን ለወጡት። በዚህም ብልሃት ከዙላ እስከ መቅደላ ያለውን 640 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ተጓዙ። ከኋላቸው ግን ሌላ ነገርም ነበር። የሚያልፉበት አገር ገበሬ እህልና ሣር በገንዘብ ይሸጥላቸው ነበር፤ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣም መንገድ ከፈቱላቸው። ዓፄ ቴዎድሮስ በአገራቸው ላይ በየእርምጃው ሲዋጉ፣ የባዕድ ጦር በሰላም አለፈ።

እንግሊዞች ዋድላ ሲደርሱ የንጉሠ ነገሥቱን ጎዳና አገኙ። ጅዳን የወረዱትና በሽሎን የተሻገሩት በዚያው መንገድ ነው። አብረው የመጡት የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም በመንገዱ ሥራ እጅግ ተደንቀው የሠሪውን ጽናት አመስግነው ጽፈዋል። መንገዱ የተሠራው መድፍ መቅደላ ለማድረስ ነበር፤ ጠላትንም አብሮ አደረሰ። መንገድ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

መቅደላ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሁለቱ ወገኖች ከመቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ሜዳ ገጠሙ። ከዚያ አንድ ቀን በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጥለው ነበር፤ ታሪካቸውን የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሊያልፈው አይገባም። በውጊያው ከላይ የተተኮሱት የጋፋት መድፎች ብዙም ጉዳት አላደረሱም፤ ጥይታቸው ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ ያልፍ ነበር፤ አንዱ ትልቅ መድፍም ገና ሲተኮስ ፈነዳ። በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ቁልቁል የወረዱት ጀግኖች በአዲሱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ፊት ረገፉ። ከኢትዮጵያውያኑ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ገብርዬም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በፊት በደባርቂ የታየው ነገር በበለጠ መራራነት ተደገመ።

ዓፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ ራሳቸውን ግን አሳልፈው አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ በገዛ እጃቸው ሽጉጥ ጠጥተው ሞቱ። ድል አድራጊዎቹ አምባውን ዘርፈው አቃጠሉ፤ የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱንና ንዋየ ቅድሳቱን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ሄዱ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ። ሴባስቶፖልን ግን ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ላይ አለ። አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የቀረው ትምህርት

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የደብረ ታቦር–መቅደላ ጎዳና የተሳካ ሥራ ነው። የተወሰነ ክብደት፣ በተወሰነ ጊዜ፣ በእጅግ አስቸጋሪ መሬት ላይ ከታሰበው ቦታ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋልካው፣ ቋጥኙ፣ አቀበቱና ቁልቁለቱ እያንዳንዱ የተለየ አያያዝ እንደሚሻ ተረድተው፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ትዕግሥት ሰጡት። ድንጋዩን በቁጣ አልተናገሩትም፤ አንድ በአንድ አነሡት።

ይህ ትዕግሥት ለሕዝቡ አልደረሰም። ገበሬውን፣ ካህኑን፣ መኳንንቱንና ወታደሩን ሁሉ በአንድ ዓይነት ኃይል ለመንዳት ሞከሩ፤ ሁሉም አልገፋ ሲል ኃይሉን ብቻ ጨመሩ። ጭቃ ውስጥ የገባ ጎማ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ይበልጥ እንደሚሰጥም ሁሉ፣ ግዛታቸው በየዓመቱ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ በአንድ አምባ ላይ ቆመ። የኢትዮጵያን አንድነት፣ የሠለጠነ ጦርንና የእጅ ጥበብን አስፈላጊነት ከዘመናቸው ቀድመው ያዩ ሰው ስለነበሩ፣ ጥፋቱ የአሳባቸው አልነበረም። አሳቡ የሚቆምበት መሬት ከሥራቸው ሸሸ።

ጎዳናውም ከሠሪው ጋር አበቃ። የአንድ መድፍ መንገድ ስለነበረ፣ መድፉ ካለፈበት በኋላ የሚጠብቀውም የሚጠግነውም አልተገኘም። ገበሬው ያወቀው በእርሱ ላይ የመጣውን ጦር እንጂ እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣለትን ጥቅም አልነበረም። ክረምቱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወሰደው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸና ዘለቀ። የአካባቢው ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። በዚህ ጎዳና ላይ የጭነት መኪናው ጤፍና ድንች ይዞ፣ አውቶቡሱም መንገደኛ ሞልቶ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚታጠፍ ሾፌር ግን አሁንም ቆም ብሎ መሬቱን ያያል፤ ማርሹን ይለውጣል፤ ቀስ ብሎም ይገባል።